ከሁሉ የራቀው ማን ነው?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ኮምፒውተር እያለ ቦኖ ውሃ የት ይተከል ብሎ መከራከር ምንድን ነው?» አለኝ። መልሱ ስለሚረዝም እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ርቀት። ባቲ የእኛው ዞን ናት፤ በአስፋልቱ ከከሚሴ ባቲ ለመድረስ ግን በሐርቡና በኮምቦልቻ መዞር ነው። ስለዚህ ካርታ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ አይሠራም። ሰው በትክክል የሚሄድበትን መንገድ የያዘ የርቀት ሰንጠረዥ ያስፈልጋል።

እንበልና 200 መንደር አለ፤ ቦኖ የሚደርሰው ለ20 ብቻ ነው። ከቦኖ በጣም የራቀው መንደር መንገድ በተቻለ መጠን ይጠር። (አማካዩን ብቻ ካየን፣ ጀሪካን አድርሳ መጥታ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የምታንቀላፋዋ ልጅ ስሌቱ ውስጥ ትጠፋለች።) በሰከንድ አንድ ቢሊዮን አማራጭ የሚፈትሽ ኮምፒውተር ሁሉንም ለመጨረስ 50 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የዩኒቨርስ ዕድሜ ራሱ 14 ቢሊዮን ግድም ነው! ችግሩ ኤንፒ-ሃርድ ከሚባሉት ስለሆነ ለማንኛውም ሰንጠረዥ ፍጹሙን መልስ ቶሎ የሚያወጣ ዘዴ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ግን ጎንዛሌዝ የሚባል ተመራማሪ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ለ9ኛ ክፍልም ይገባል። የመጀመሪያውን ቦኖ የትም ትከሉ። ሁለተኛውን ከእሱ በጣም ከራቀው መንደር። ሦስተኛውን ከሁለቱም ከራቀው። እንዲህ እያላችሁ እስከ 20። የመጨረሻው ርቀት ከፍጹሙ መልስ እጥፍ በፍጹም አይበልጥም።

ለምን? ከእጥፉ በላይ የራቀ መንደር ቀረ እንበል። ሁልጊዜ የራቀውን ስለመረጥን፣ እሱና ቦኖ ያገኙት 20 መንደሮች፣ ማለትም 21ዱ፣ እርስ በርስ ከእጥፉ በላይ ይራራቃሉ። ፍጹሙ ዕቅድ ግን ያለው 20 ቦኖ ነው፤ ከ21ዱ ሁለቱ አንድ ቦኖ መጋራታቸው አይቀርም። በዚያ ቦኖ በኩል ቢሄዱ ደግሞ መንገዳቸው ከእጥፉ አይበልጥም። ተጋጨ!

ከእጥፍ የተሻለ ዋስትና ለሁሉም ሰንጠረዥ ቶሎ መስጠት ራሱ ኤንፒ-ሃርድ መሆኑም ተረጋግጧል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዘዴው ለመጀመሪያው ቦኖ ግድ የሌለው መሆኑ ነው። ባለሥልጣኑ ሰፈር ይተከልለት፣ ችግር የለም። ሁለተኛው ላይ ግን ድርድር የለም፤ የራቀው መንደር ነው።

የቤት ሥራ፦ መንደሮቹ ሁሉ እንደ ሰንበቴ፣ ጨፋ ሮቢትና ከሚሴ በአንድ አስፋልት ላይ ቢደረደሩ ፍጹሙ መልስ ቶሎ ይገኛል። እንዴት? ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ፤ ጎግል ማድረግ ክልክል ነው 😀