ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም

ማርሴይ ውስጥ በስሜ የሚጠሩኝ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ። ባንኩ፣ የመብራት ድርጅቱ፣ የጤና መድን ቢሮው፣ የጥርስ ሐኪሟ ጸሐፊ ሳትቀር «ማዳም» ብለው የሚያስከትሉት የአያቴን ስም ነው። አያቴ ጺማም ሽማግሌ ነበሩ። ድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። እዚህ ማዳም ሆነዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፓስፖርቴ ነው። «ሰርኔም» በሚለው ቦታ የአያቴ ስም፣ «ጊቭን ኔም» በሚለው ደግሞ የእኔና የአባቴ ስም ተከታትለው ተጽፈዋል። ፈረንሳዮች ወረቀት ላይ ያለውን ይወስዳሉ። ሰው በልደት መዝገቡ ላይ ካለው ስም ውጪ በሌላ እንዳይጠራ የሚከለክለው ሕጋቸው ከአብዮቱ ዘመን፣ ከ1794 ጀምሮ አለ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሁለት ካላንደር ተሸክሜ መጻፍ አልችልም፣ መኖሩ ይበቃኛል።) ስለዚህ የአያቴ ስም ቤተሰባዊ ስሜ ሆነ። የአባቴ ስም ደግሞ ሁለተኛ የግል ስሜ ሆነና ደብዳቤ ላይ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። የአያቴን ስም እዚህ አልጽፈውም፣ በቂ ፎርም ላይ ጽፌዋለሁ። በ«ጠ» እንደሚጀምር ብቻ ያዙልኝ።

የመጣሁት ለሥራ ነው። አዲስ አበባ ሆኜ በርቀት ስሠራለት የነበረ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ጆልየት በሚባለው የወደብ ሰፈር ቢሮ አለው፤ ቋሚ ኮንትራት ሰጠኝ። ቪዛው ከገባሁ በ3 ወር ውስጥ በኢንተርኔት መረጋገጥ ነበረበት፤ እሱ ቀላል ነበር። የከበደው ቤት ነው። አከራይ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት ይፈልጋል፤ እኔ ገና አንድም አልተከፈለኝም። ደመወዝሽ የኪራዩ ሦስት እጥፍ ይሁን ይላል፤ እሺ፣ ነው። ታዲያ የሙከራ ጊዜሽ አላለቀም ይላል፤ የመሐንዲሶች ሙከራ ደግሞ 4 ወር ነው፣ ሊታደስም ይችላል። ባንክ ሄድኩ፤ አካውንት ለመክፈት የአድራሻ ማስረጃ አምጪ። አድራሻ ለማግኘት ቤት፣ ቤት ለማግኘት ባንክ። ኮምፒውተር የተማረ ሰው ይኼን ያውቀዋል፦ ዴድሎክ ይባላል። ቀበሌ ሄዶ «መሸኛ አምጪ»፣ መሸኛው ጋ ሄዶ «መታወቂያ አምጪ» የተባለ ሰውም ያውቀዋል፤ ስለዚህ እንደ ሥራ ባልደረቦቼ አልደነገጥኩም። የፈታው ሰው ነው። በጊዜያዊነት ክፍል ያካፈለችኝ የኮሞሮስ ልጅ «እኔ ጋ ትኖራለች» ብላ አንድ ገጽ ጽፋ ፈረመችልኝ፤ አቴስታሲዮን ይሉታል። ከዚያ ባንኩ ተከፈተ፤ ከዚያ ቪዛል የሚባለው ነጻ የኪራይ ዋስትና (ከ30 ዓመት በታች በመሆኔ ያለ ብዙ ጣጣ) ተፈቀደልኝ፤ ከዚያ ቤት። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ በመስኮቱ ጥግ አንገት ዘርግቶ ለሚያይ የአንድ መዳፍ ያህል ባሕር አለ። ከሰሜን የሚመጣው ሚስትራል የሚሉት ነፋስ ሲነሳ መዝጊያው ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ነፋስ አውቃለሁ፤ የእኛ ግን አቧራ ይዞ ይመጣል እንጂ እንዲህ አጥንት ውስጥ አይገባም።

የጤና መድኑ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የሚሰጡሽ ጊዜያዊ ቁጥር ነው፤ ለሴት በ8 ይጀምራል። ቋሚው በ2 ይጀምራል፤ ቀጥሎ የተወለድሽበት ዓመት፣ ወር፣ ከዚያ ከፈረንሳይ ውጪ ለተወለደ ሰው 99፣ ከዚያ የአገር መለያና ተራ ቁጥር። በአጠቃላይ 13 አሃዝ። መጨረሻ ላይ 2 አሃዝ መቆጣጠሪያ አለ፦ ቁጥሩን ለ97 አካፍለሽ ቀሪውን ከ97 ትቀንሻለሽ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ንጹሕ የሆነ ነገር በመንግሥት ቢሮ አይጠበቅም። ከ8 ወደ 2 ለመሻገር ግን የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ የእናትና የአባት ሙሉ ስም ያለበት፣ በመሐላ በተመዘገበ አስተርጓሚ የተተረጎመ። የእኛ ወረቀት አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስላለው ከእንግሊዝኛው የሚመልስ አስተርጓሚ አገኘሁ። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር። ወረቀቱን ገለበጠው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ አባትሽ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?»

ልክ ነው። በወረቀቱ ላይ የአባቴ ሦስተኛ ስም የቅድመ አያቴ ነው። የእኔ ሦስተኛ ስም የአያቴ ነው። የእናቴ ደግሞ ከሁለታችንም አይገናኝም። ለእሱ ዓይን አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ናቸው። ወረቀት ስጠኝ አልኩትና ሳጥንና ቀስት ሣልኩለት፦ እያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ብቻ አለው፣ ቀስቱ ወደ አባቱ ያመለክታል፣ አባቱም ወደ አባቱ። ሊንክድ ሊስት ማለት ነው። እናንተ ዘንድ አንድ ስም ሁሉንም ይጠቀልላል፤ እኛ ዘንድ ሰው ስሙን ለልጁ አውሶ በልጅ ልጁ ላይ ያበቃል። ትንሽ አሰበና «ስለዚህ ማንም የቤተሰብ ስም የለውም» አለ። «የለውም» አልኩት። ከትርጉሙ ጋር አያይዤ የምልከው አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ። ፓትሪክ ማኬንዚ የሚባል ፕሮግራመር በ2010 «ፕሮግራመሮች ስለ ስም የሚያምኗቸው ሐሰቶች» የሚል ዝርዝር ጽፎ ነበር፤ ተማሪ እያለሁ አንብቤ ስቄበታለሁ። መሥሪያ ቤቴ የምንሠራው ፎርም ላይም «የቤተሰብ ስም» ሳይሞላ አያሳልፍም። እስካሁን ሁለት ጊዜ ስብሰባ ላይ አንስቼዋለሁ።

ለአባቴ ይኼን ሁሉ በቪዲዮ ነው የማወራው። አንድ ማታ ጥሪያችን በየት በኩል እንደሚሄድ ለማየት ትሬስራውት ሠራሁ፤ ማርሴይ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ አገር ቤት፣ መቶ ሚሊሰከንድ አካባቢ። አያስገርምም። ማርሴይ የባሕር ውስጥ ኬብሎች መውጫ ከሆኑት ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት፤ ኤኤኢ ዋን የሚባለው 25,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን ኬብል ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ፣ ጅቡቲን ነክቶ፣ እዚሁ ነው የሚያበቃው። ድሮም መንገዱ ይኼው ነበር፤ የፈረንሳይ መርከቦች ከማርሴይ ተነስተው በስዊዝ አድርገው ጅቡቲ ይገቡ ነበር፤ ከጅቡቲ ደግሞ ሃዲዱ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በ1902 ባቡሩ ስለደረሰባት ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ የተወለድኩባት ከተማ ከመርከቡ መጨረሻ ላይ ያለች ጣቢያ ነበረች ማለት ይቻላል።

ይኼን ግን እዚህ ማንም አያውቅም። «ድሬዳዋ» ስል ባዶ ፊት። «ሐረር አጠገብ» ስል ወዲያው «አህ፣ ራምቦ!» ራምቦ ሐረር ነግዶ፣ ጉልበቱ አብጦ፣ በቃሬዛ ወደ ባሕር ወርዶ፣ እዚሁ ማርሴይ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል እግሩ ተቆርጦ፣ ኅዳር 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። ሆስፒታሉ ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ለእህቱ ያስጻፈው ደብዳቤ ወደ መርከብ በስንት ሰዓት ልወሰድ የሚል ነበር። አሳዛኝ ነው፣ አልክድም። ግን በቃሬዛ የተሸከሙትን ሰዎች ስም የሚጠይቀኝ የለም።

አያቴ ፈረንሳይኛ የተማሩት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። የሚያውቁት የመሣሪያ ስም፣ ትእዛዝና ስድብ ነበር። ከከዚራ ዛፎች ሥር፣ በጥዋት፣ ሳር ቅጠሉን ሁሉ «ቦንዡር» ይሉ ነበር። ለገሃር የሚለው ቃል «ላ ጋር» ማለት እንደሆነ፣ ትርጉሙም «ጣቢያው» እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ ሳን ሻርል ጣቢያ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። ከጣቢያው ወደ ከተማው የሚወርደው ደረጃ 104 ነው፤ በ1920ዎቹ የተሠራ፣ ነጭ፣ ሰፊ። ግራና ቀኝ ሁለት የተጋደሙ የድንጋይ ሴቶች አሉ፤ አንዷ «የእስያ ቅኝ ግዛቶች»፣ ሌላዋ «የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች» ይባላሉ። ቱሪስቶች ላያቸው ላይ ጃኬት ያስቀምጡና ፎቶ ይነሳሉ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም እያልኩ አጠገባቸው አልፋለሁ፤ ግን ለገሃር እያልን ነው ያደግነው።

አንድ አለቃ ነበራቸው። «ጠ»ን ማለት ስላቃተው ስማቸውን ትቶ «ቶቶ» ይላቸው ነበር። ቶቶ ፈረንሳዮች በቀልዳቸው ውስጥ ለሚረብሽ ትንሽ ልጅ የሚሰጡት ስም ነው፤ ይኼን እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው ያወቅኩት። ሁለት ልጆች የወለዱ ሰው ነበሩ ያኔ። አያቴ ታሪኩን የሚያወሩት እየሳቁ ነው፤ የአለቃውን አረማመድ ሳይቀር ያሳዩን ነበር። አባቴ ግን አንድም ቀን ስቆ አያውቅም። ባቡር ግባ ቢሉት እንቢ ብሎ መምህር ሆነ፣ ሒሳብ። በዚህ የተነሳ ብዙ ዓመት በወጉ አልተነጋገሩም። እሳቸው ሲሞቱ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጉዳዩ ተነስቶ ያለቀ አይመስለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ስሙ ስነግረው ይከፋዋል ብዬ ነበር። በእርግጥ «እኔን ዘለሉኛ!» ብሎ አሹፏል። እንዲስተካከል ማመልከት እችላለሁ፣ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ይቆያል እንጂ ይሆናል አልኩት፤ ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ፦

«ደብዳቤው ላይ እንዴት ነው የሚጽፉት?»

«ማዳም፣ ከዚያ የአባባ ስም፣ በትልልቅ ፊደል።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«አቦ! አንዱን ላኪልኝ እስቲ። የመንግሥት የሆነውን።»

የቋሚ ቁጥሬ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ በ2 የሚጀምረው። ማብራሪያዬን ማንም ያነበበው አይመስለኝም፣ ግን አልፏል። ለአባቴ ፖስታውን ብቻ ልልክ ነበር፤ ለካ ፖስታው መስኮት ያለው ነው፣ ስሙ የታተመው ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ከወጣ ስም የለም። ስካን አድርጌ አስቀረሁና ዋናውን እንዳለ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላክሁት።

አባቴ ይዞት የሄደው ከዚራ፣ ከአያቴ ጋር ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ከእነዚያ ሰዎች ፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ እኔም እንድሰማ አደረገ። ፊታቸው አይታየኝም፣ ወረቀቱን የያዘው እጅ ብቻ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከላይ ጀመሩ፤ ቀኑን፣ አድራሻዬን፣ ከዚያ «ማዳም» አሉና ቆሙ። ቀጥሎ ያለው በላቲን ፊደል ተራ «ቲ» ነው። እሳቸው ግን «ጠ» ብለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሙሉውን ስም አነበቡት። አባቴ ምንም አላለም። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ወደ ስልኩ ዞሩ።

«ለካርዱ ፎቶ ላኪ ይላል እኮ፣ ልጄ። ልከሻል?»

«ልኬያለሁ፣ አባባ።»

«ጎሽ።» ንባባቸውን ቀጠሉ።