ንጉሡ ባያፈቅራትስ?

እምነትና ፍቅር የተጋመዱበት የታሪክ ልብ ወለድ ነፍሴ ነው። ክረምት ላይ አዲስ ቅዳም ሄጄ፣ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙትን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ማለትም «ጦቢያ»ን፣ ለአያቴ በአገውኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ወንድ መስላ የተንከራተተችው ጦቢያ አንጀቷን በላቻት። ንጉሡ ተጠምቆ ሲያገባት ግን እኔ «እሰይ!» ስል እሷ ዝም አለች።

«ምነው እማማ?»

«ባያፈቅራት ኖሮ ይጠመቅ ነበር?»

ክው አልኩ። ውድ አንባብያን፣ ምክንያት አለኝ፤ እዚሁ ግቢ «ላንቺ ስል ሃይማኖቴን እቀይራለሁ» ያለኝ ልጅ አለ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልክ እንደ መጽሐፉ!

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የእንዲህ ዓይነት ድርሰቶች ጉድለት ሠርጉ ላይ ማለቃቸው ነው። ለሰው ተብሎ የተያዘ እምነት ኩርፊያ የመጣ ዕለት ምን ይሆናል? ለልጁ ገና መልስ አልሰጠሁትም። የአያቴን ጥያቄ ግን ነግሬዋለሁ።