ጆሮዋ ላይ ጉትቻ ያላት ጅብ

ቀን ቀን የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ፓስታና ስለ ፈሳሽ ሳሙና እጽፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ልጃችን ከተኛች በኋላ፣ ወደ አውሬነት ስለሚለወጥ ሰው አንድ አጭር ልብ ወለድ ስጽፍ ሦስት ወር ከረምኩ። ባለቤቴ «የዚህኛው ደንበኛ ደግሞ ማን ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

መነሻዬ ፊልም ነው። ሙሉ ጨረቃ፣ ተኩላ፣ የብር ጥይት። አፈ ታሪኩ በአውሮፓ የቆየ ቢሆንም፣ ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንዲይዝ ብዙ ያደረገው በ1941 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ዎልፍ ማን» የተሰኘው የሆሊውድ ፊልም ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው ከርት ሲዮድማክ ከናዚ ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ተኩላ የሚሆነው ሰው፣ ቀጥሎ በሚገድለው ሰው መዳፍ ላይ የኮከብ ምልክት ይታየዋል። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ (ስልኬን ማለቴ ነው፤ የምጽፈው በስልክ ነው)። እኔስ በቅርብ የማውቀው ፍርሃት የቱ ነው?

ተኩላ አይደለም። ተኩላን የማውቀው ከተረት መጽሐፍ ነው። ያደግኩት ግን እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብስ ውስጥ እየገባሁ። ስለዚህ ተኩላውን ጅብ አደረግኩት። ስለ ጅብ ሳነብ ሴቷ ከወንዱ እንደምትገዝፍ፣ መንጋውን የምትመራውም እሷ እንደሆነች አወቅኩ፤ ገጸ ባሕርይዬ ወዲያው ሴት ሆነች። የመለወጧን ትዕይንት ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ጥፍርና ጸጉር የሚያድግበት ሁሉ ፊልም ፊልም አለኝ። በመጨረሻ ያስቀረሁት፣ ከኋላዋ ዝቅ ከፊቷ ከፍ እያለች ስትሄድ ነጠላዋ ከትከሻዋ አልቆም የሚልበትን ነው።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። ጅብ የሚሆነው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ አገራችን መልሱን አዘጋጅታ ትጠብቃችኋለች፤ ቡዳ። ቡዳ የሚባለው ደግሞ ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ የእጅ ባለሙያዎች ጅብ ይሆናሉ ተብሎ እንደሚታመንና ጆሯቸው ላይ ጉትቻ ስላለ ጅቦች እንደሚወራ ጽፏል።

የባለቤቴ አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ልንጋባ ስንል ከዘመዶቼ አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዘራቸውን አጣርታችኋል?» ብላ እንደጠየቀች እናቴ ነግራኛለች። ልጃችን ደግሞ የእኚያን አያት ስም ይዛለች። ነገ አድጋ ታነበዋለች። ጅቧን ሸክላ ሠሪ ባደርጋት አንባቢ ይደነግጥልኛል፤ ግን ያንን የዘመዴን ጥያቄ በተዋበ አማርኛ መድገሜ ነው።

ሁለት ሳምንት አንድ መስመር አልጻፍኩም። መውጫ የሰጠኝ ጉትቻው ነው። ጉትቻውን የሚሠራው አንጥረኛው ነው፤ የምታደርገው ግን ገንዘብ ያላት ናት። ስለዚህ በእኔ ታሪክ ጅብ የምትሆነው የመንደሩ ባለጸጋ ሚስት ሆነች፤ አንጥረኛው በነካው ዋንጫ የማትጠጣዋ ሴት። አንድ ሌሊት ደጁ የቆመችውን ጅብ በፋኖስ ሲያያት፣ ጆሮዋ ላይ የገዛ እጁን ሥራ ያያል። ለማንም መናገር አይችልም። ቢናገር ቡዳ የሚባለው ማን እንደሆነ ያውቀዋል።

ታሪኩን መጀመሪያ ያነበብኩት ለአማቴ ነው፤ የእኚያ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናቸው። ቡና እያፈሉ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። እኔ የፈራሁት ቅር እንዳይላቸው ነበር። በረካውን ቀድተው ሲሰጡኝ፣

«ልጄ፣ ሴትዮዋ የጉትቻውን ዋጋ ከፍላዋለች?» አሉኝ።

ትንሽ አሰብኩና «አልከፈለችም» አልኳቸው።

«እሱንም ጻፊዋ!»