ቅዳሴው «አምሯል» የምንለው መቼ ነው?

እዚህ ሜሪላንድ ከቅዳሴ ወጥተን ቡና ላይ ስንቀመጥ ክርክሩ አይቀርም። አንዱ «ግእዙ በዛ» ይላል፤ ሌላው «አማርኛው ዜማውን ገደለው» ይላል። እናቶች «ልጆቹ ምንም አልገባቸውም» ብለው ያዝናሉ። መደምደሚያው ብዙ ጊዜ «እንደ አገር ቤት አይሆንም» ነው። እኔ ያደግሁት ዋግ ኽምራ፣ ጋዝጊብላ ነው፤ «የትኛው አገር ቤት?» ማለት ያምረኛል።

ዜማ አዋቂዎች የወሎውን የሰለልኩላ ቅዳሴ ከትግራዩ የደብረ ዓባይ ለይተው ይመዝናሉ። የእኛ ገጠር ደብር እንዲህ ላለው ሚዛን የሚቀርብ አልነበረም። ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ቄሶቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ዲያቆናቱም በሳምንቱ ከብት ሲጠብቁ የሚውሉ ልጆች። ድምፅ የሰለለበት ቄስ ቢቀድስ «ዛሬ አላማረም» የሚል አልነበረም።

ቋንቋውም ቢሆን ሩቅ ነው። በዋግ ብዙ ሰው ቤቱ የሚያወራው ኽምጣጛ ነው፤ ቅዳሴው በግእዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ ይደረጋል። ልጆቻችን ባልገባቸው ቋንቋ ይጸልያሉ ብለን እዚህ የምንጨነቅበት ነገር ለዋግ ሰው የቆየ ኑሮው ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ያቆመው ምንድን ነው? እኔ እንደማየው ድርሻ ነው። አንዱ ለመገበሪያ ስንዴ ይሰጣል፤ ሌላው ዕጣንና ጧፍ። የሰንበቴ ተራ የደረሰው ቤት ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይወጣል። ልጁ ጥላ ይይዛል፣ ቃጭል ይመታል፤ ከፍ ሲል ዲቁና ይማራል። ትርጉሙ ባይገባው እንኳ ያለ እሱ የሚጎድል ነገር እንዳለ ያውቃል።

ለእውነቱ ከሆነ፣ እዚህ የምንበልጥበት ነገር አለ። ንባቡ በስክሪን በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ተሰጥኦውን ሳይሳሳት በአንድ ድምፅ ይመልሳል። በጋዝጊብላ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ የሚያስቀድሰው ይህን ያህል አይመልስም ነበር። ግን የምንቀድሰው ከካቶሊኮች በተከራየነው ሕንፃ ነው፤ ከእኛ በኋላ የእነሱ ቅዳሴ ስላለ ሰዓታችን የተቆረጠ ነው። መጋረጃ የሚሰቅሉት፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉትና የሚያጥፉት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሌላው ስክሪኑን አንብቦ ይሄዳል።

አከራዮቻችንም ከዚህ ክርክር አልዳኑም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአምልኮ ሰነድ ምእመናን በቅዳሴው በሙሉ ልብ እንዲሳተፉ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ላቲኑ በየአገሩ ቋንቋ ተተካ። ይኸው ከስልሳ ዓመት በኋላም አንዱ «ክብሩ ቀረ» ሲል ሌላው «አሁን ገባን» ይላል። በ2021 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የቀድሞውን የላቲን ቅዳሴ አጠቃቀም ሲገድቡ ጭቅጭቁ እንደገና ነደደ። በአገራችንም የግእዝ ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች አሉ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት የእነሱ ነው። ስለዚህ የግእዝና የአማርኛው ጥያቄ የኦርቶዶክሱ ብቻ አይደለም። ከካቶሊኮቹ የምወስደው ትምህርት ግን፣ መተርጎም ብቻውን ክርክሩን እንደማይዘጋ ነው።

ትርጉም አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ስብከቱ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ስክሪኑም ይቆይ። ግን የአሥር ዓመት ልጅ ትርጉሙን አንብቦ ስለጨረሰ ብቻ በሚቀጥለው እሑድ ሊመጣ አይገደድም። ጧፍ የሚያበራው እሱ ከሆነ ግን እናቱን ቀድሞ ይነሣል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችን ስለ ቋንቋ ከመሰብሰቡ በፊት አንድ ወረቀት ቢለጥፍ እወዳለሁ፤ መገበሪያው፣ ምንጣፉ፣ ጧፉና ሰንበቴው በየቤቱ በተራ ይጻፍበት። የልጆቹ ስም ከወላጆቻቸው ስም በላይ ይሁን። «ልጆቹ አልገባቸውም» የሚለውን ክርክር ከዚያ በኋላ እንቀጥል፤ ያኔ ልጆቹም አስተያየት ይኖራቸዋል።