የአምቦ መንገድና የልጅ ልጄ ሒሳብ

ስንት ዘመን በሾፌርነት የተመላለስኩበትን የአምቦ መንገድ በቅርቡ የልጅ ልጄን ጋቢና አስቀምጬ ሄድኩበት። 12ኛ ክፍል ናት። ፈተናው ሲቃረብ «ካልኩለስ ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ መጽሐፉን ዘግታ ነበር። እናቷ ጨነቃትና «አባባ፣ እስቲ ይዘዋት ይውጡ፤ አየር ትቀይር» አለችኝ።

ሆለታ ስንደርስ ልጅቷ ሰዓቷን አየች። «አባባ፣ 40 ኪሎ ሜትር ለመምጣት አንድ ሰዓት ፈጀብን። ቀስቱ ግን 60 ላይ ነው። የቱ ነው ትክክሉ?»

«ሁለቱም» አልኳት። «40ው የመንገዱ ሁሉ አማካይ ነው። ቀስቱ የሚናገረው ያሁኑን ብቻ ነው።»

ዝም ብላ ቆየችና «ዴሪቬቲቭ የሚሉት ይሄንን ነዋ!» አለች።

ምኒልክ በአንድ ወቅት መናገሻቸውን ሊያዛውሩበት አስበው የነበረውን አዲስ ዓለምን አልፈን ወደ ጊንጪ ስናመራ ደብተር አወጣች። ለ10 ደቂቃ፣ በየደቂቃው ቀስቱ ያረፈበትን ጻፈች። ሜዳው ላይ 60፤ ጋሪና ከብት መንገዱን ሲዘጉት 30፣ ከዚያም 20። ደመረችው፤ 480 መጣ። ለ60 አካፈለችውና 8 ኪሎ ሜትር ሆነ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ስናይ የሄድነው 8.3 ነው።

«0.3ዋ የት ገባች?» አልኳት።

«በደቂቃው መሃል ቀስቱ ሲወጣና ሲወርድ አልጻፍኩትማ። በየሰኮንዱ ብጽፍ ይበልጥ ይቀራረባል።» ይህን መደመር ኢንተግራል እንደሚሉት የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱን መለኪያዎች ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ስነዳ፣ አንዱ ከሌላው እንደሚወለድ አስቤው አላውቅም።

አምቦ ምሳ በልተን ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ተቀመጥን። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግርጌውን በመርፌ በሳን፣ ጎኑ ላይ ወረቀት ለጠፍን፣ ውሃ ሞልተን ክዳኑን ከፈትን። በየ30 ሰኮንዱ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ታሰምራለች። መጀመሪያ መስመሮቹ ተራራቁ፤ እየቆዩ ተጠጋጉ። «ውሃው ሲያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ አወራረዱም ይዘገያል» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና እዚያም ደረስን። ድልድዩ ላይ ቆማ ወንዙን እያየች «በዚህ ስር በሰዓት ስንት ውሃ እንደሚያልፍ በምን ይለካል?» ስትል ሰማኋት።

ፈተናው ገና ነው፤ ውጤቱን አላውቅም። ስንመለስ ግን ጊንጪ ላይ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣችው። ለካ ይዛው መጥታ ኖሯል።