ዝምታው የነቀዘብን ኮምፒውተር

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የኛ ኮምፒውተር ዝምታ ግን ነቅዞ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቃለ ምልልስ ድምፆቻችንን የምናስቀምጥባት፣ ዴቢያን ሊኑክስ የተጫነባት አንዲት አሮጌ ዴስክቶፕ አለችን። ሌሊት ሌሊት ክሮን የተባለው ፕሮግራም ፋይሎቹን ወደ መጠባበቂያው ዲስክ ይገለብጣል። ይገለብጣል ብለን እናምን ነበር። አንድ ቀን ድምፆቹ ያሉበት ዲስክ ሲሞት መጠባበቂያውን ከፈትን። ከሞላ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የአምስት ሰዎች ድምፅ የለም!

መዝገቡን ስናገላብጥ አፈርን። ክሮን የሚሠራው ሥራ ስህተት ካወጣ ለባለቤቱ ደብዳቤ መላክ ልማዱ ነው። ግን ፖስታ የሚያደርስ ፕሮግራም ስላልጫንን፣ መልእክቱ መጣሉን እየመዘገበ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤያችንን ሲጥል ኖሯል። እሱ ተናግሯል፤ ጆሮ ያልሰጠነው እኛ ነን።

ለምን አልጫንንም? ፈርተን። «ሜይል ሰርቨር» ሲባል ለሌባ የተከፈተ በር ነበር የሚመስለን። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በኅዳር 1988 እ.ኤ.አ. የሞሪስ ዎርም ኢንተርኔቱን ሲያምስ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ሴንድሜል ነበር።

የሚያስፈልገን ግን ከቤት ውጭ የማይሄድ ፖስተኛ ብቻ ነው። ፖስትፊክስን ጫንን፤ ሲጠይቀን «ለዚሁ ማሽን ብቻ» የሚለውን መረጥን። የሚያዳምጠው በ127.0.0.1 ብቻ እንዲሆን አደረግን፤ ይኼ አድራሻ ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት ነው፤ ከውጭ ማንም አያንኳኳበትም። ለሩት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በየቀኑ ወደምንገባበት አካውንት እንዲዞር አዘዝን። ከዚያ ፖርት 25 ለውጭ አለመከፈቱን አየን፤ ለራሳችንም የሙከራ ደብዳቤ ላክን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

መድኃኒቱ ግን ሙሉ አይደለም። ደብዳቤው እዚያው ማሽን ውስጥ ስለሚቀመጥ ማሽኑ ከሞተ አብሮ ይሞታል፤ ካልተነበበም እንዳልተላከ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ተራ ገብተን እናነባለን።

ከአምስቱ ሰዎች ሦስቱ እየሳቁብን ደግመው አወሩን። አራተኛው አገር ለቀው ሄደዋል። አምስተኛዋ እናት ግን «ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ያለቀስኩት ይበቃኛል» አሉን።

ምን ይባላል? አልተማጸንናቸውም።