ሜኑ ፍለጋ በአትላሲያን ማርኬትፕሌስ

ኮንፍሉዌንስ የአውስትራሊያው አትላሲያን እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያቀረበው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሰነዶቻቸውን አብረው የሚጽፉበትና የሚያስቀምጡበት መድረክ ነው። ገጾቹ ጥቂት ሳሉ ማንም አይቸገርም። ሺህ ሲሞሉ ግን አዲስ ተቀጣሪ የዓመት ፈቃድ ቅጹ የት እንዳለ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው መጠየቅ ይጀምራል። ያኔ «የተሻለ ሜኑ ይገዛልን» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ አድሚኑም ተጨማሪ አፖች ወደሚሸጡበት ወደ አትላሲያን ማርኬትፕሌስ ያመራል።

ከመግዛት በፊት እጅ ላይ ያለውን ማየት ይገባል። በግራ በኩል ያለው የገጾች ዛፍ እየጎተቱ ሊደረደር ይችላል። ከእሱ በላይ አቋራጭ ሊንኮች ይቀመጣሉ። በአንድ ገጽ ሥር ያሉትን ሁሉ የሚዘረዝር፣ አንድ ዓይነት ሌብል የተለጠፈባቸውን ገጾች በራሱ የሚሰበስብ መሣሪያም አብሮ ይመጣል። እነዚህን በወጉ ያልሞከረ ቡድን ገንዘብ ማውጣት የለበትም ባይ ነኝ። የገጾቹ ርእስ የተዘበራረቀ ከሆነ ምንም ዓይነት ሜኑ አያቀናውም።

ማርኬትፕሌሱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚለየው ክላውድ ወይስ ዳታ ሴንተር የሚለው ነው። በራስ ሰርቨር ላይ በሚሠራው ዳታ ሴንተር አፖች የገጹን አናት እስከ መለወጥ ይደርሳሉ። አትላሲያን ራሱ በሚያስተናግደው ክላውድ ግን ኩባንያው ከፈቀደላቸው ቦታ አይወጡም፤ ስለዚህ በድሮ ሥዕሎች የሚታየው ያማረ የላይ ሜኑ ክላውድ ላይ ያው ሆኖ አይገኝም። ሰርቨር ይባል የነበረው የቀድሞ ፈቃድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2024 አብቅቷል፤ ዳታ ሴንተርም በ2029 እንደሚያበቃ ተነግሯል። ዛሬ ለዳታ ሴንተር የሚገዛ ሜኑ ዕድሜው የተቆጠረ ነው።

ከአፖቹ መካከል የስዊድኑ ሪፋይንድ በኮንፍሉዌንስ ላይ የራሱ ሜኑና ገጽታ ያለው ሙሉ ሳይት ይገነባል። የጀርመኑ ኬ15ቲ ስክሮል ቪውፖርት ብሎ ያወጣው አፕ ደግሞ ገጾቹን ወደ ውጭ፣ ለደንበኛ የሚታይ የእገዛ ማዕከል አድርጎ ያወጣል። ለውስጥ ሠራተኛ ሜኑ ለሚፈልግ ይህኛው መንገዱ አይደለም። የቀሩት አብዛኞቹ በገጽ ውስጥ ትሮች፣ ቁልፎችና ተዘርጊ ዝርዝሮች የሚያስገቡ ትናንሽ አፖች ናቸው። ለመካከለኛ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚበቃው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ዋጋው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ክፍያው የሚሰላው በመድረኩ ላይ ባሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ ነው። አምስት መቶ ሠራተኛ ካለ፣ ሜኑውን የሚነካው ሃያ ሰው ቢሆንም ለአምስት መቶው ይከፈላል። የውጭ ምንዛሪ በብርቱ ለሚፈለግበት የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሆኖም በአማርኛ ለሚጽፍ ቡድን ጥሩ ሜኑ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል። የመድረኩ መፈለጊያ ሠ እና ሰን፣ ጸ እና ፀን፣ ሐ እና ሀን አንድ አድርጎ ላያይ ይችላል። ርእሱ «የሠራተኞች መመሪያ» የሆነን ገጽ «ሰራተኛ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፤ ፊደሉ ቢገጥም እንኳ ከፊት የተለጠፈችው «የ» እና ከኋላ የመጣው ብዙ ቁጥር ቃሉን ሌላ ያደርጉበታል። በእንግሊዝኛ የሚሠራ ቡድን መፈለጊያውን ተማምኖ ሜኑውን ችላ ሊል ይችላል። እኛ አንችልም፤ ሰው በዓይኑ እያየ የሚደርስበት መንገድ ያስፈልገዋል።

የ30 ቀን ነጻ ሙከራውም በዚሁ ዓይን ይዋል። ረጅም የአማርኛ ርእስ በሜኑው ውስጥ ይቆረጣል? የፊደሎቹ ቅርጽ ይነበባል? ቀጥሎ የደመወዝ ገጽ የማየት ፈቃድ በሌለው አካውንት ግቡ። መድረኩ ራሱ የሚያወጣው ዛፍ ያልተፈቀደውን ገጽ ይደብቃል፤ በእጅ የተሠራ ሜኑ ግን ገጹ ባይከፈትም ርእሱን ሊያሳይ ይችላል፤ አንዳንድ ርእስ ደግሞ ብቻውን ምስጢር ነው። በስልክም ሞክሩት። በመጨረሻ አፑን አጥፉትና የሠራችሁት ሜኑ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ሊንኮቹ በአፑ ማከማቻ ብቻ ከተቀመጡ፣ ክፍያ ባቆማችሁ ቀን አብረው ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ ያለፈ አፕ ካገኛችሁ ግዙት። ነገር ግን ግዢው ከመጽደቁ በፊት ሜኑውን በየጊዜው የሚያስተካክል አንድ ሰው በስሙ መድቡ፤ የሚመደብ ሰው ከሌለ በገጾች ዛፉ ቆዩ።